የመብራት ሳጥኑ ቁልፍ

ላፕሌ፣ ዱሪያን እርሻ
ግንቦት 3

ለልጄ ለኑይ፣

እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገቱ ላይ ይንቋቋል እንጂ አልከዳኝም። የዱሪያኑ ፍሬ ዘንድሮ ቀድሞ መውደቅ ጀምሯል። ሞተር ብስክሌቱ ላይ ቅርጫት ጭኜ በቀን አራት ጊዜ እወርዳለሁ። የእናትሽ እጅ እንዴት ነው? ዝናብ ሲገባ እንደሚጠዘጥዛት አውቃለሁ። ሞቅ ባለ ውሃ ትዘፍዝፈው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስልክ ደውዬ ነበር ያልሽው እውነት ነው፤ ጮኾ ነበር፤ አላነሳሁትም። ጆሮዬ ከስልክ ጋር አይስማማም። ደግሞም የቤት ነገር በወረቀት ነው የሚነገረው።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አይሆንም ነው። የመብራት ሳጥኑን ቁልፍ አልልክም።

ባልሽ ዊቱን የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛቱ በፊት ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። አሁን የጠየቃችሁት መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ይሁን፤ ልንገራችሁ። የቤታችን ቆጣሪ ከአርባ አምስት አምፔር በላይ አይሸከምም። ሁለቱ አየር ማቀዝቀዣዎች አሥራ ሁለት ይበላሉ፣ የውሃ ማሞቂያው አሥራ ስድስት። ፓምፑ፣ ፍሪጁ፣ የሩዝ ማብሰያውና የልብስ ማጠቢያው ተደምረው ዘጠኝ። ይህ ሠላሳ ሰባት ነው። የመኪናው ቻርጀር ብቻውን ሠላሳ ሁለት ይፈልጋል። ሠላሳ ሰባትና ሠላሳ ሁለት ስንት ይሆናል? ዊቱን ዲግሪ አለው፤ እሱ ይደምረው።

ስለዚህ ቆጣሪው መቶ በሚሸከም ይቀየር፤ ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦም ወፍራም ይሁን። ለቻርጀሩ ከቆጣሪው ሥር የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይውጣለት። ይህ ሁሉ ከሳጥኑ ውጭ የሚሠራ ነው። የኔን ሳጥን ማንም መክፈት አያስፈልገውም። ትምህርት ቤትን ከአራተኛ ክፍል ነው የተሰናበትኩት። መብራትን የተማርኩት ሰው ከጣለው መጽሐፍና ከተቃጠለ ሬዲዮ ነው። ያንን ቤት ግን ከምሰሶው እስከ መጨረሻው አምፖል በእጄ ዘርግቼው በሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ጭስ አልሸተተም።

ወጥ ቤት ስትገቡ ነጠላ ጫማ። ፍሪጁንም ማጠቢያውንም በባዶ እግር እንዳትነኩ። ሕጌን ታውቂያለሽ።

አባትሽ ሳንጉዋን


ፒትሳኑሎክ
ግንቦት 10

ይድረስ ለአባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማማ እጇን እንዳሉት ትዘፈዝፋለች። «እሱ ራሱ ጉልበቱን ይዘፍዝፍ» በይልኝ ብላለች።

ያለ ፈቃድዎ አንድ ነገር አድርጌያለሁና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቴክኒሻን ጠራሁ። ስሟ ፒያዳ ነው፤ ዕድሜዋ ከኔ ያንሳል። ሳጥኑን አልነካችም፤ ጓጉንቸሩን አይታ «ባለቤቱ ይፍቀዱ» ብላ ተወችው። ሂሳብዎን ግን አሳየኋት። እሷም በራሷ ደመረችና ስልሳ ዘጠኝ አገኘች። ከዚያ በጣሪያው ሥር የሄዱትን ሽቦዎች እያየች «ይሄን የሠሩት ሰው የት ነው የተማሩት?» ብላ ጠየቀች።

እማማ «የትም» አለች። «ለዚህ ነው ሰው ሁሉ አላዋቂ የሚመስለው።»

ፒያዳ ሳቀች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ከዝናብ ውሃ ጋኑ አጠገብ ብቅ ያለውን የመዳብ ዘንግ አየችው። ቻርጀር ሲሰቀል መጀመሪያ የሚታየው የመሬቱ ሽቦ ነው አለች፤ ኮረንቲ ካፈተለከ በሰው በኩል ሳይሆን በዘንጉ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ። መሣሪያዋን አገናኘች። ጥሩ ዘንግ ከሆነ ቁጥሩ ከአምስት አይበልጥም። የእኛ አራት መቶ አሳየ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

«ይሄን ማነው የቀበረው አክስቴ?»

«ባሌ ነዋ! በቤቱ ምረቃ ዋዜማ። ሲቀጠቅጥ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለች እማማ፤ ደረቷን ነፍታ።

ፒያዳ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና ዝም አለች። ስትወጣ ጫማዋን በሩ ላይ እያጠለቀች፣ ሰው ሁሉ ቤት ሲገባ ጫማ ሲያወልቅ እኛ ወጥ ቤት ስንገባ ለምን ነጠላ ጫማ እንደምናደርግ ጠየቀችኝ። የአባቴ ሕግ ነው አልኳት። ልጅ ሳለሁ ጓደኞቼ ይስቁብኝ እንደነበር፣ እርስዎም «ንጽሕና ነው» ይሉኝ እንደነበር ትዝ አለኝ።

አባቴ፣ አይቆጡኝና የዘንጉን ርዝመት ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኑይ


ላፕሌ
ግንቦት 17

ለኑይ፣

ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። ደንቡ የሚለው እሱን ነው፤ የቀበርኩትም እሱን ነው። ልጅቷ መሣሪያዋን ታስጠግን።

እኔ ሽቦ ስዘረጋ ያልተወለደ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፎ ዝም አይልም። የሚናገረው ካለው ይናገር፤ ከሌለው ይሂድ። ስለ ነጠላ ጫማው የጠየቅሽው የልጅ ጥያቄ ነው። በዚያ ሕግ ነው ያደግሽው፤ ምን ጎደለብሽ?

ሐሙስ ዕለት ንፋስ ነበር፤ አርባ ፍሬ ያህል ሳይደርስ ረገፈ። ለእናትሽ ዱሪያን ወደ ከተማ በሚያመላልሰው መኪና ሁለት ፍሬ ልኬያለሁ። ትንሹ ነገ ይበላል፣ ትልቁ ሦስት ቀን ይቆይ።

ሳንጉዋን


ፒትሳኑሎክ
ግንቦት 20

ይድረስ ለአባቴ፣

ደብዳቤዎን ራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መጠየቄ አስከፍቶዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዊቱን ማንኪያውን አስቀምጦ ምን አለ መሰልዎት? «አባባ ሁለት ሜትር ከአርባ ካሉ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። እሳቸው ለሰላምታ እንኳን ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው፤ ለውሸት ከየት ያመጣሉ?»

ፒያዳ ግን ዘንጉ እስኪቆፈርና በዓይኗ እስክታየው ድረስ ቻርጀር አልሰቅልም አለች። እማማ ተቆጣች። «ባሌ በወረቀት የጻፈውን በአካፋ አላስፈትሽም» አለቻት። «ይጮሃል፣ ይሳደባል፤ ዋሽቶ ግን አያውቅም።» ልጅቷ እጅ ነሥታ ሄደች።

ዊቱን ሌላ ሰው አግኝቷል። እንደ ፒያዳ አይለካም፤ ቅዳሜ ግንቦት 29 መጥቶ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ ብሏል። ስለዚህ ስለ ቁልፉ አያስቡ። ልክ እርስዎ እንደጻፉት መስመሩን ከቆጣሪው ሥር ያወጣል፣ ሳጥኑን አይነካም፣ የመሬቱን ሽቦም ከእርስዎ ዘንግ ጋር ያስረዋል። ቻርጀሩ ከጋኑ በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ቦታውን የመረጠችው እማማ ናት። ዊቱን ከሥራ ሲገባ መኪናውን የምሰካው እኔ ነኝ ትላለች። የማሳያውን መሰኪያ ሱቅ ውስጥ ይዛ ሞክራው «በግራ እጅም ይሆናል!» ብላ እንዴት ደስ እንዳላት ቢያዩ። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ላስገባ ስወጣ እግረ መንገዴን እሰካዋለሁ እያለች ነው።

ልጅዎ ኑይ


ላፕሌ
ግንቦት 26

ኑይ፣

ይህን የዱሪያን መኪናው ሹፌር በእጅሽ ይሰጥሻል። በፖስታ ቢሆን ቅዳሜ ያልፋል። ከሰላምታው በፊት ይህን አንብቢ፦ ሰውየው ቻርጀሩን እንዳይሰቅል። እናትሽ ያንን ዘንግ ተማምና ምንም ነገር እንዳትነካ። ዘንጉ ሁለት ሜትር ከአርባ አይደለም። ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም። ዋሽቼሻለሁ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ናችሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ ቢያስጠላም ይሄዳል።

ቤቱ የተመረቀው አንቺ በእናትሽ ሆድ ሳለሽ ነው። መነኮሳቱ የሚመጡበት ሰዓት ተመርጦ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ። ያ ሰዓት አይዛነፍም። በዋዜማው ከዘንጉ በስተቀር ሁሉን ጨርሼ ነበር። ዘንጉን መምታት ስጀምር ጥሩ ገባ፤ ሁለት ስንዝር ከወረደ በኋላ ግን ድንጋይ ላይ ቆመ። ራሱ እስኪደፈጠጥ መታሁት። አያትሽ፣ የእናትሽ አባት፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ማንጎው ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። ልጃቸውን ለአራተኛ ክፍል ሰው መዳራቸውን አንድ ቀን ረስተው አያውቁም።

«ምነው መሐንዲስ፣ መሬቱም ዲፕሎማ ጠየቀህ?» አሉኝ። ጓደኞቻቸው ሳቁ።

ሊበሉ ሲገቡ የብረት መጋዝ አመጣሁ። የተረፈውን ቆርጬ ጓሮ ጣልኩት። በመሬቱ ላይ ብቅ ባለው ራስ ላይ ማሰሪያውን አጥብቄ አረንጓዴውን ሽቦ አሰርኩ። በልተው ሲወጡ አያትሽ «ገባ?» አሉኝ። «ገባ» አልኩ። ውሸቱ ያቺ አንዲት ቃል ናት። ሌላ ነገር አልተናገርኩም።

በማግሥቱ መነኮሳቱ ነጩን ክር በቤቱ ዙሪያ ሲያዞሩ፣ አንዱ ወጣት መነኩሴ ክሩን የሚያስርበት ነገር ፈልጎ በዘንጉ ራስ ላይ ጠመጠመው። ጸሎቱ ሁሉ በዚያ ክር አለፈ። እኔ ሁለት እጄን ገጥሜ ተቀምጬ ክሩን አየው ነበር።

ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብል አፈሩ ለስላሳ እንደሆነ አውቃለሁ። ከምረቃው በኋላ በማንኛውም ቀን አዲስ ዘንግ መትከል እችል ነበር። ነገር ግን መዶሻ ስመታ ሰው ይሰማል፤ «ገባ አላልክም?» ይለኛል። ነገ እያልኩ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነ። ፍሪጁ እጅ መንዘር ሲጀምር ዘንግ አልገዛሁም። ለሁላችሁም ነጠላ ጫማ ገዛሁና ሕግ አወጣሁ። አንድ የመብራት ሠራተኛ ሳጥኑን ከፍቶ አረንጓዴውን ሽቦ በዓይኑ ሲከተል ሳየው በማግሥቱ ጓጉንቸር አደረግሁበት።

አሁን ስለ እናትሽ።

የወደቀች ቀን አንቺ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሽ፤ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ማጠቢያው አፍስሶ ወለሉ ረጥቧል። ነጠላ ጫማዋ በሩ ላይ ቀርቷል። ማጠቢያውን ስትነካው ኮረንቲው አሽቀንጥሮ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር አጋጫት። ጩኸቷን ሰምተው የሦስት ቤት ሰዎች አጥሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ሮጬ ስደርስ የመጀመሪያ ቃሌ ምን ነበር? «ነጠላ ጫማ አድርጊ አላልኩሽም? ጆሮ የለሽም እንዴ? ላም!» ሁሉም ሰምተውኛል። እሷ የተሰበረ እጇን በሌላው እጇ ይዛ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ።

ይቅርታዋን ተቀበልኩ። ኑይ፣ ይቅርታዋን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጇ መርፌ አይጨብጥም። በቤተ መቅደሱ በር የጃስሚን ጉንጉኗን የሚያህል አልነበረም፤ ሰው ከወንዙ ማዶ እየመጣ ይገዛት ነበር። «ተዝረክርኬ ከእጄ የወጣ ሥራ ነው» ስትል ሃያ ዓመት ሰምቻታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳን አላረምኳትም። ወደዚህ እርሻ የወጣሁት ዱሪያኑ ጠባቂ አጥቶ ነው ብያችኋለሁ። ዱሪያኑ ጠባቂ ነበረው።

ቁልፉ ከዚህ ጋር ነው። ከክታቤ ጋር በአንገቴ ነበር። ፒያዳን ጥሪያት። መሣሪያዋን ታስጠግን ያልኩትን አንሺልኝ፤ መሣሪያዋ ልክ ነው። ደብዳቤውን ለእናትሽ ስጫት። አንቺ አታንብቢላት፤ በዓይኗ ታንብበው። መልስ አልጠይቅም።

ሳንጉዋን


ፒትሳኑሎክ
ሰኔ 2

ይድረስ ለአባቴ፣

ሰባት ቀን ሳልጽፍልዎ የቆየሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ነው። ሰላም ነዎት?

ዊቱን ሰውየውን ደውሎ አስቀርቶታል። ስለዚያ አያስቡ። ፒያዳ በማግሥቱ መጣች። በቁልፍዎ ሳጥኑን ከፍታ መጀመሪያ ዋናውን አጠፋችው። ከዚያ ውስጡን በባትሪ እያየች ቆየችና «እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ሽቦዎቹ እንደ…» ስትል እማማ አቋረጠቻት።

«አታመስግኚው» አለች።

ደብዳቤውን ወጥ ቤት ቆማ አንብባው ነበር። ሁለት ጊዜ። ሲያልቅ አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። አሁን «አታመስግኚው» ብላ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና እያካፋ ወደ ውጭ ወጣች፤ እኔና ፒያዳ ተከተልናት። ጋኑ ሥር ቁጢጥ ብላ ዘንጉን በግራ እጇ ያዘችው። ፒያዳ ሽቦውን ፈታችላት። አፈሩ በዝናቡ ርሶ ነበር። ሁለቴ ወዘወዘችው፤ በሦስተኛው ወጣ። እንደ ካሮት ነው የወጣው አባቴ። ከጋኑ ውሃ ቀድታ አጠበችውና በስንዝሯ ለካችው። ሁለት ስንዝር ተኩል።

«ይቺ ናት?» አለች።

«ይቺ ናት አክስቴ» አለች ፒያዳ።

«ሃያ ዓመት ይቅርታ ስጠይቅ የኖርኩት ለዚች ነው?»

ይዛው ወደ ቤት ገባች። ዘንጉን ገበታው ላይ አስቀመጠችው፤ እስካሁን እዚያው ነው። ልንበላ ስንል አንስተነው በልተን ስንጨርስ እንመልሰዋለን። ሹፌሩ ከደብዳቤው ጋር ያመጣውን ዱሪያን ግን አልቀመሰችም፤ ሁሉንም ለጎረቤት ሰጠች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትናንት፣ በመስኮቱ ወደ ጋኑ እያየች «ተዝረክርከሽ ነው የሚሉኝ ሁሉ ያን ቀን አጥሩ ላይ ቆመው ነበር» ብላ ለራሷ ተናገረች። ለኔ አልነበረም።

ፒያዳ ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ቀጭን ብረት ሰካች፤ ሙዝ ግንድ ውስጥ እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ። ሁለት ሜትር ከአርባ የሆነ አዲስ ዘንግ አምጥታለች። ልትመታው መዶሻ ስታነሳ እማማ ከለከለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ ጻፊለት አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው፦

«ሌላ ደብዳቤ አልፈልግም። ያን ቀን አጥሩ ላይ ቆመው የሰሙ ሦስቱ ቤቶች አሁንም አሉ። ላም ያለኝ እነሱ ፊት ነው፤ እውነቱንም እነሱ ፊት ይናገር። ከዚያ ዘንጉን እሱ ይያዝ፣ ልጅቷ ትምታ። ካልመጣ ዘንጉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ዋናውም እንደጠፋ ይቆያል። እኔ ያለ መብራት ተወልጄ ያለ መብራት ነው ያደግሁት። ማየት የለመደው እሱ ነው።»

እና አባቴ፣ ዋናው እንደጠፋ ነው። ሩዝ በከሰል እያበሰልን ነው። የዊቱን መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ወደ ሥራ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አንድ ቀን እንኳን አላጉረመረመም። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ለሰፈሩ አከፋፍለናል። ሰፈሩ ምን ሆናችሁ ብሎ ይጠይቃል። እማማ «ባሌ ሲመጣ ይነግራችኋል» ትላለች።

ፍሬው ጥሩ ዋጋ በሚያወጣበት በዚህ ወቅት ዱሪያኑን ጥለው መምጣት እንደማይችሉ አውቃለሁ። እኔ ምንም አልጠይቅዎትም። ያለችውን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ልጅዎ ኑይ


ላፕሌ
ሰኔ 6

ለኑይ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። መጀመሪያ የዱሪያኑ ምርት ከፍተኛው ወቅት ላይ ነው፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩትን ሳነበው ያው «ገባ» ያልኩበት ድምፅ ነው። ቀደድኩት።

ዱሪያኑ ይውደቅ። ከዳገቱ በታች ያለው ጎረቤቴ የቻለውን ይለቅማል፤ ያልቻለው ይበስብስ።

ማክሰኞ በማለዳው ባቡር እመጣለሁ። ጣቢያ እንዳትቀበሉኝ፤ በእግሬ እገባለሁ። መዶሻ አላመጣም። የምትመታው ልጅቷ ናት፤ እኔ እይዛለሁ፤ ስታ እጄን ብትመታውም አልናገራትም። ያቺን ቁራጭ ዘንግ ግን ከገበታው እንዳታነሱ። እጄ ላይ ይዤ ነው የምናገረው፤ ያለሷ ሰው የሚያምነኝ አይመስለኝም።

ነጠላ ጫማ እንዳታዘጋጁልኝ። ጫማዬን እንደ ሰው ሁሉ በሩ ላይ አወልቃለሁ።

ሦስቱን ቤቶች ንገሪያቸው። አጥሩ ላይ ይቁሙ፤ እዚያው በቆሙበት ቦታ። ለእናትሽ የምለው እዚያው ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመሽ ንገሪልኝ። ጆሮዬ ስለከበደ ድምፄ ትልቅ ነው፤ ሁልጊዜ «ቀስ በል፣ ሰፈሩ ይሰማል» ትለኛለች። ማክሰኞ እንዳትለኝ።

ሳንጉዋን